«ከዲለር ውጭ ካሠራሁ ዋስትናዬ ይሰረዛል» እና ሌሎች ውድ ስህተቶች

እኔ መካኒክ ነኝ። በአንድ ዲለር (የአምራቹን መኪና በሚሸጥና በሚጠግን ድርጅት) የጥገና ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ የራሴ ጋራዥ አለኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ሐበሾች ናቸው፦ ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ በሆስፒታልና በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ የሆኑ፣ መኪናቸው ጥቂት ቀን ከቆመ የቤት ኪራያቸው የሚጎድል ሰዎች። ከዲለር የተሰጣቸውን የዋጋ ግምት አጣጥፈው ይዘው ሲመጡ፣ ከዋጋው ይልቅ የሚያበሳጨኝ ስለ ወረቀቱ የሚያምኑት ነገር ነው። ያው የተሳሳተ ወሬ ከኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ እስከ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይዞራል። አንዱ ለሌላው እንደ ምክር ያቀብለዋል፤ ሰውም እንቅልፍ አጥቶ ያገኘውን ገንዘብ ይገብርበታል።

«ከዲለር ውጭ ካሠራሁ ዋስትናዬ ይሰረዛል»

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ሐሰትም ነው። በአሜሪካ ከ1975 ጀምሮ ማግኑሰን ሞስ የተባለ የዋስትና ሕግ አለ። አምራቹ «ዘይት የምትቀይረው በእኔ ዲለር ብቻ ነው» ወይም «ፊልትሮው የእኔ ምልክት ከሌለበት ዋስትና የለህም» ብሎ ደንበኛውን እንዳያስገድድ ይከለክላል። እንዲህ ማለት የሚችለው ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነጻ ከሰጠ፣ አለዚያም ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ልዩ ፈቃድ ካገኘ ብቻ ነው። ኮሚሽኑ በ2022 ሃርሊ ዴቪድሰን በተባለው የሞተር ብስክሌት አምራች ላይ እርምጃ የወሰደው፣ ዋስትናው ደንበኞች ውጭ እንዳያሠሩ የሚያስፈራራ ስለነበረ ነው። ሕጉ ወረቀት ላይ የቀረ አይደለም።

ሕጉ የማይሸፍነውን ደግሞ እወቁ። ዘይት የቀየረላችሁ ሰው የማፍሰሻውን ብሎን ሳያጠብቅ ቀርቶ ሞተሩ በዘይት እጥረት ቢነክስ፣ አምራቹ ያንን ሞተር አልተካም ማለት ይችላል። ጉዳቱ የመጣው ከውጭው ሥራ መሆኑን ማሳየት ግን የእሱ ድርሻ ነው። በዚሁ ሰበብ የካምቢዮውን ወይም የኤርኮንዲሽነሩን ዋስትና ሊነካ አይችልም።

ይህ እምነት ምን እንደሚያስከፍል ላሳያችሁ። አንድ በዕድሜ የገፉ የታክሲ ሾፌር ደንበኛ አሉኝ። መኪናቸው 7 ዓመቷ፣ የሄደችው ደግሞ 74,000 ማይል ገደማ ነበር። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ዲለር ሄዱ፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭሱን መርዝ የሚያጣራው ዕቃ) ሞቷል፣ 2,300 ዶላር ተባሉ። በርካሽ እንድሠራላቸው ወደ እኔ መጡ።

«ጋሼ፣ በዋስትና ይሠራልዎታል፤ ለምን አልጠየቁም?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ዘይቱን ስትቀይርልኝ የኖርከው አንተ አይደለህ እንዴ? ዲለሩ ከየት አምጥቶ ዋስትና ይሰጠኛል?» አሉኝ።

እንግዲህ ተመልከቱ። መኪናቸውን በወቅቱ ሲያሠሩ የኖሩ ሰው፣ መብት የለኝም ብለው ሳይጠይቁ ሊከፍሉ ነበር። የሦስት ዓመቱ መደበኛ ዋስትና በእርግጥ አልቋል። ነገር ግን የአየር ብክለትን በሚመለከተው የፌዴራል ሕግ መሠረት ካታሊቲክ ኮንቨርተርና የሞተሩ ኮምፒውተር ለ8 ዓመት ወይም ለ80,000 ማይል፣ ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ እስኪሞላ ድረስ፣ በአምራቹ ይሸፈናሉ። ይህ በመኪናው የዋስትና መጽሐፍ ውስጥ «ኢሚሽን» በሚለው ክፍል ተጽፏል። መጽሐፉ ከጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ፕላስቲኩ እንኳን ሳይከፈት ተቀምጦ አገኘነው።

መጀመሪያ ኮንቨርተሩ በእውነት መሞቱን አረጋገጥኩ። የጭስ መውጫው ላይ ሽንቁር አልነበረም። ከኮንቨርተሩ በኋላ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ ቮልቱ ረጋ ብሎ መቀመጥ ሲገባው ከ0.1 ወደ 0.9፣ ከ0.9 ወደ 0.1 እየዘለለ ነበር። ውስጡ ጋዙን ማጣራት ትቷል ማለት ነው። ገጹን በወረቀት ምልክት አድርጌ ከዘይት ደረሰኞቻቸው ጋር ወደ ዲለሩ መለስኳቸው። የተቀበላቸው ሰው በመጀመሪያ «ዋስትናዎ አልቋል» አላቸው፤ ገጹን ሲያሳዩት ኃላፊውን ጠራ። ምንም ሳይከፍሉ ተሠራላቸው። እኔ ያንን ሥራ በማጣቴ አልተቆጨሁም፤ የሚቆጨኝ ሳይጠይቁ የከፈሉት ሌሎቹ ናቸው።

ደረሰኝ እንዳትጥሉ የምለምነውም ለዚህ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ዘይት የሚያስቀይሩት በጓደኛ ግቢ ነው። ክፋት የለውም፤ ግን አንድ ቀን አምራቹ «መኪናዋ በወቅቱ መሠራቷን አሳየኝ» ቢል በእጃችሁ ምን አለ? ደረሰኙ ላይ ቀኑ፣ ማይሉ፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የዘይቱ ዓይነትና መጠን ይጻፍ። «ዘይት፣ 50 ዶላር» ብቻ የሚል ወረቀት ምንም አያስረዳም። ራሳችሁ የምትቀይሩ ከሆነ የዘይቱንና የፊልትሮውን መግዣ ደረሰኝ ያዙ፤ ጀርባው ላይ ማይሉን ጻፉ፤ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ የወረቀቱ ቀለም በዓመት ውስጥ ይጠፋልና።

ሃይብሪድ የምትነዱም የባትሪ ዋጋ ሰምታችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት መጽሐፉን ክፈቱ። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ የሃይብሪድ ባትሪውን ለ10 ዓመት ወይም ለ150,000 ማይል ይሸፍናል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት በአብዛኛው 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ናቸው። ኡበር የሚነዳ ሰው ማይሉን ከዓመቱ ቀድሞ ስለሚጨርሰው፣ ገደቡ ሲቃረብ ባትሪውን ማስፈተሽ አለበት፤ ገደቡ ካለፈ በኋላ እንደ መብት መጠየቅ አይቻልም።

«ሪኮል ማለት ዲለሩ ሥራ ፍለጋ የሚልከው ደብዳቤ ነው»

አይደለም። ሪኮል ማለት አምራቹ ጉድለት ያለበትን መኪና ለጥገና መልሶ ሲጠራ ነው። የደህንነት ሪኮል በነጻ ይሠራል፤ መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠ 15 ዓመት እስካላለፈው ድረስ። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራው፣ በሪኮል የተጠራው ኤርባግ ሰው ገድሏል፤ ያንን ደብዳቤ ሳያነቡ የሚጥሉ ሰዎች ሳይ እደነግጣለሁ። 17 ፊደልና አሃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር በአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ተመልከቱ። ሪኮሉ ከመውጣቱ በፊት በገንዘባችሁ አሠርታችሁት ከሆነም፣ በደረሰኝ ማስመለስ የምትችሉበት መንገድ አለ።

«ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ የተበላሸ ነው»

መኪናችሁን ለዘይት ስታስገቡ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀባ የምርመራ ወረቀት ይሰጣችኋል። ያንን ወረቀት የሚያብራራላችሁ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መካኒክ አይደለም፤ የአገልግሎት ሻጭ ነው፤ በብዙ ቦታ ደመወዙ ከሸጠው ጋር የተያያዘ ነው። ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ሥራው መሸጥ መሆኑን አውቃችሁ አነጋግሩት ነው የምለው።

አንዲት ነርስ እህታችን ለዘይት ሄዳ የ1,860 ዶላር ግምት ይዛ መጣች። የፊት የፍሬን ሸራና ዲስክ፣ የካቢን ፊልትሮ፣ የነዳጅ መርጫ እጥበት፣ የራዲያተር ውሃ መቀየር። ወረቀቱን ዘርግቼ የፍሬኑን መስመር በጣቴ አሳየኋት፦ ራሱ ዲለሩ 6 ሚሊሜትር ብሎ ጽፎታል፤ ቀለሙም ቢጫ ነው። አዲስ ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሚቀየረው ወደ 3 ሲወርድ ነው። ጎማውን አውልቄ ስለካው ልክ ያው 6 ነበር። ማንም አልዋሻትም፤ ቁጥሩን ግን ማንም አላነበበላትም። የካቢን ፊልትሮውን በብዙ መኪና ከጓንት ማስቀመጫው ጀርባ በአምስት ደቂቃ ራሳችሁ ትቀይሩታላችሁ። የመርጫ እጥበቱ ደግሞ በመኪናዋ የአገልግሎት መርሃ ግብር ውስጥ ፈጽሞ የለም።

ስለዚህ ግምት ሲሰጣችሁ «ስንት ሚሊሜትር ቀረ?»፣ «የት ነው የሚያፈሰው? አሳየኝ»፣ «ይህ በመጽሐፉ በስንት ማይል ይላል?» በሉ። መልስ ከሌለው ቁልፋችሁን ተቀበሉ።

«የእጅ ዋጋ የቆየበት ሰዓት ነው»

አይደለም፤ የመጽሐፍ ሰዓት ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የተመደበ ሰዓት አለ። መጽሐፉ 3 ካለ፣ መካኒኩ በአንድ ሰዓት ተኩል ቢጨርስም የምትከፍሉት የ3 ነው። ለፈጣን እጅ መክፈል ተገቢ ነው፤ ያሳደገኝም ይኸው አሠራር ነው። የማይገባው ድርብ ክፍያ ነው። በብዙ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ላይ የኋላ ካንዴላዎቹን ለመድረስ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ይወልቃል። ዘይት የሚያፈሰውን የኋላውን የቫልቭ ሽፋን ጋስኬት ለመቀየርም ያው ማኒፎልድ ይወልቃል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ማውለቂያው ሁለት ጊዜ ሊቆጠር አይገባም። በሰዓት 200 ዶላር በሚጠየቅበት አካባቢ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። «የማውለቂያው ሰዓት ተቀንሷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ዋጋ ሲያወርድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

«ዕቃው ከዲለር ካልሆነ ፎርጅድ ነው።» ብዙ የቶዮታ ዕቃዎችን የሚሠሩት ዴንሶና አይሲን ናቸው፤ በራሳቸው ካርቶንም ይሸጧቸዋል፣ በተሻለ ዋጋ። የምትሸሹት ስም የሌለውን ዕቃ ነው።

«ኮዱ ካታሊቲክ ካለ ካታሊቲክ ነው።» የቼክ ኢንጂን መብራት ሲበራ ከመኪናው ኮምፒውተር የሚነበበው ኮድ ጥርጣሬ ነው። ከኮንቨርተሩ በፊት ያለች ትንሽ የጭስ ሽንቁርም ያንኑ ኮድ ታመጣለች። ኮድ አስነብቦ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

«አንዴ ከመረመሩት እዚያው ማሠራት አለብኝ።» የምርመራውን ከፍላችሁ መኪናችሁን መውሰድ መብታችሁ ነው። የምርመራ ውጤቱን ግን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ከፍላችሁበታልና።

«ግምቱ ሲያድግ ምን ይደረጋል?» ብዙ ይደረጋል። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የጽሑፍ ግምት ከጠየቃችሁ፣ ጋራዡ ያለ ፈቃዳችሁ ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ አስበልጦ ማስከፈል አይችልም። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልሱላችሁም ጠይቁ፤ ሥራው ሳይጀመር። እምቢ ካሉ የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍል አቤቱታ ይቀበላል።

«ዋስትናው በጥቂት ማይል ካለፈ አለቀ።» ከዲለሩ አልፋችሁ ወደ አምራቹ የደንበኞች ቢሮ ደውሉ። መኪናው በወቅቱ የተሠራበትን ደረሰኝ ማቅረብ ከቻላችሁ፣ አምራቹ ከወጪው ከፊሉን የሚሸፍንበት ጊዜ አለ። ግዴታው አይደለምና በትህትና፣ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ጠይቁ።

«ዲለር ሁሉ ዘራፊ ነው።» ይህም ስህተት ነው፤ እኔ ዘንድ የሚመጡትን ስለሚያስደስት ብቻ ዝም ልለው አልፈልግም። ሪኮልና ዋስትና ያለው ሥራ የዲለር ነው። አዲስ ሶፍትዌር መጫን፣ በአንዳንድ መኪና ላይ የጠፋ ቁልፍ ከኮምፒውተሩ ጋር ማላመድ፣ የፊት መስታወት ከተቀየረ በኋላ የፍሬን ረዳት ካሜራውን ማስተካከል ትክክለኛ መሣሪያ ይፈልጋሉ። ካሜራው በጥቂቱ ከተዛባ መኪናው ርቀት ይስታል። እኔ ያ መሣሪያ የለኝም፤ ለዚህ ሥራ የሚመጣውን ሁሉ ወደ ዲለር እልካለሁ፤ ግምቱን ግን ከመፈረሙ በፊት ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ እነግረዋለሁ።