ቻርቱ ተሰቅሏል፤ ትምህርቱስ ገብቷል? ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በየትምህርት ቤቱ የፔዳጎጂ ማዕከል (መርጃ መሣሪያ በሚዘጋጅበትና በሚቀመጥበት ክፍል) በማዳበሪያ ጆንያ ላይ የተሳለ ካርታ፣ የልብ ሥዕል፣ የካርቶን ሰዓት አይጠፋም። መምህራን ደክመው የሠሩት ነው። አቧራ ጠጥቶ ሲቀር ያሳዝናል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ስለ መርጃ መሣሪያ ይዘን የምንዞረው የተሳሳተ እምነት ይመስለኛል።

«በጀት ከሌለ መርጃ መሣሪያ የለም»

ይሄ እምነት በጣም ጎድቶናል። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ግቢው ውስጥ ትከሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ነው የምትገኘው። ስለዚህ በሰኔ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል፣ የእንጨቱ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በታኅሣሥ በዚያው ሰዓት ደግሞ ወደ ሰሜን። ተማሪዎቹ ራሳቸው ምልክት ያድርጉበት። ዋጋው ስንት ነው? ምንም።

ለአንደኛ ክፍል ደግሞ ቆርኪ አለ። አሥር አሥሩን በፌስታል ያሰረ ልጅ፣ 34 ማለት 3 ፌስታልና 4 ቆርኪ እንደሆነ በእጁ ይዞ ያየዋል።

«ሥዕል ራሱ ይናገራል»

አይናገርም። አንዳንዴ እንዲያውም ያሳስታል። የልብ ሥዕል ላይ አንዱ ደም ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ተደርጎ ይቀባል። ካልተነገረው ልጁ ሰማያዊ ደም አለን ብሎ ያምናል። ደማችን ሁሌም ቀይ ነው፤ ኦክስጅን ሲያንሰው ጠቆር ይላል እንጂ።

የመሬት ምህዋር ሥዕል ደግሞ ይብሳል። ብዙ ጊዜ እንደ ዕንቁላል ተለጥጦ ይሳላል። ተማሪው ያንን አይቶ «በጋ የሚሆነው መሬት ለፀሐይ ስትቀርብ ነው» ይላል። እኛ አገር ይህን ስሕተት መንቀል ከባድ ነው፤ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በበጋችን ነው፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። በጣም የምትርቀው ደግሞ ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ መጨረሻ፤ 152 ሚሊዮን ገደማ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ምህዋሩም ከክብ እምብዛም አይለይም። እዚህ ላይ መምህሩ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ታዲያ በታኅሣሥ አውሮፓ ለምን ይበርዳል?» ክፍሉ ዝም ይላል። ያኔ ወደ እንጨቱ ጥላ መመለስ ነው። ወቅት የሚለዋወጠው መሬት ዘንበል ብላ ስለምትዞር ነው፤ የክረምታችን ዝናብም ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታልፍ ተከትሏት ይመጣል።

«ሰው ካነበበው 10 በመቶ፣ ከሰማው 20 በመቶ፣ ካየው 30 በመቶ ያስታውሳል»

በየሥልጠናው የሚነገር ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ኤድጋር ዴል ከተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ባለሙያ ጋር ይያያዛል። ዴል በ1946 እ.ኤ.አ. የልምድ ሾጣጣ የሚባለውን፣ የመማሪያ ልምዶችን ከተጨባጩ እስከ ረቂቁ የሚደረድር ሥዕል አውጥቷል። ሾጣጣው ላይ ግን አንድም ቁጥር አልነበረም። ቁጥሮቹን በኋላ ሌሎች ናቸው የለጠፉበት።

«ይሄ ልጅ የሚማረው በማየት ነው፤ ያኛው በመስማት»

በ2008 እ.ኤ.አ. ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ ጥናቶቹን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ልጆችን እንዲህ ከፍሎ ማስተማር እንደሚጠቅም የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለን ፓይቪዮ ያስተማረው ለሁሉም ይሠራል፦ ቃልና ምስል አብረው ሲገቡ አእምሮ ነገሩን በሁለት መንገድ ይይዘዋል። ስለዚህ ሥዕሉን ለሁሉም አሳዩ፤ ለሁሉም አስረዱ።

«መርጃ መሣሪያ ለሕፃናት ነው»

የሞለኪውል ቅርጽን ያለ ሞዴል የተማረ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን ያህል እንደከበደው ይጠየቅ።

«ቪዲዮ ካለ መምህሩ ያርፋል»

የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርትን አስታውሱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። ምስሉ ጥሩ ነበር። ግን አይቆምም። ተማሪው እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አያየውም። መምህሩ የሚናገርባት ጊዜ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ነበረች። ዛሬ ቪዲዮን በስልክም በላፕቶፕም ማቆም ይቻላል። አቁሙትና «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» በሉ።

«ሥዕል ስለማልችል…»

ይሄን የሚሉ ጎበዝ መምህራን አውቃለሁ። ተጠናቆ ከተሰቀለ ያማረ ቻርት ይልቅ፣ እየተብራራ በጠመኔ መስመር በመስመር የሚሳል ሥዕል ለተማሪው ይቀለዋል። ዓይኑ ምን ላይ ማረፍ እንዳለበት ያውቃላ! ባያምርም ግድ የለም። የመጨረሻው ዴስክ ላይ ላለው ልጅ መታየቱን ብቻ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ስትጨርሱ ሰሌዳውን አጥፉትና ተማሪዎቹ ከትውስታቸው ደብተራቸው ላይ ይሳሉት። ብዙዎቹ የዘለሉት ክፍል የትኛው እንደሆነ እዩ። የነገው ትምህርት ከዚያ ይጀምራል።