መኪናን ሰርቪስ ማድረግና ብልሽቱን ፈልጎ ማግኘት

ሰርቪስና ብልሽት ፍለጋ በአንድ ጋራዥ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ መካኒክ እጅ ስለሚሠሩ አንድ ሥራ ይመስላሉ። አካሄዳቸው ግን የተለያየ ነው። ሰርቪስ በኪሎ ሜትርና በጊዜ ይመራል፤ መኪናው ደህና ቢሄድም ጊዜው ከደረሰ ዘይቱ ይደፋል፣ ፊልትሮው ይቀየራል። ብልሽት ፍለጋ በማስረጃ ይመራል፤ ምልክቱን አይቶ፣ ለክቶ፣ አንዱን ጥርጣሬ ከሌላው ለይቶ ጥፋቱ ያለበትን ዕቃ ማግኘት ነው። አብዛኛው ኪሳራ የሚመጣው ሁለቱ ሲምታቱ ነው። በጊዜው መቀየር የነበረበት ነገር እስኪበጠስ ይጠበቃል፤ መለካት የነበረበት ብልሽት ደግሞ «እስቲ ይሄን እንቀይርና እንየው» እየተባለ በግምት ይታደናል።

የሰርቪስ መነሻው የሞተር ዘይት ነው። ዘይት ብረትን ከብረት ከማለስለስ ሌላ ሙቀት ያነሳል፣ ጥቀርሻና የብረት ብናኝ እያጠበ ወደ ፊልትሮ ያደርሳል፣ በፒስተን ቀለበቶችና በሲሊንደር ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተትም ይዘጋል። በጣሳው ላይ 5ዳብሊው-30 ተብሎ ሲጻፍ፣ ከዳብሊው በፊት ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ቶሎ ይፈሳል፤ የኋለኛው ቁጥር በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለውን ውፍረት ያመለክታል። ሞተሩ ስላረጀ ብቻ ወፍራም ዘይት መጨመር የተለመደ ምክር ነው፤ እኔ ግን አልደግፈውም። በዛሬ ሞተሮች ብዙዎቹ የቫልቭ መክፈቻ ጊዜን የሚያስተካክሉት በዚሁ ዘይት ግፊት ስለሆነ፣ አምራቹ ካዘዘው የወጣ ውፍረት ራሱ ብልሽት ይወልዳል።

የመቀየሪያ ርቀቱን የሚወስነው የመኪናው መመሪያ ነው። ለተራ ዘይት 5,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ለሲንተቲክ 10,000 እና ከዚያ በላይ የተለመደ ነው። አቧራ የሚበዛበት መንገድ፣ ከባድ ጭነት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞ ይህን ርቀት ያሳጥረዋል። ብዙ ባይነዳም ቢያንስ በዓመት አንዴ ይቀየር። መጠኑን ለማየት መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ዘንጉ ወጥቶ ይጠረጋል፣ ተመልሶ እስከ መጨረሻው ይገባል፣ ከዚያ ይነበባል። ዘንጉ ላይ የነጣ ቡናማ አረፋ ካለ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል ማለት ሊሆን ይችላል። አረፋው በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ከሆነ ግን አትደንግጡ፤ አጭር ጉዞ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ ከእርጥበት የሚመጣ ነው።

የፍሬን ዘይት ከሁሉ የሚረሳው ነው። ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱ ሲበዛ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ ውኃ ከሳበ በኋላ መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ከሆነ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል፤ እንፋሎት እንደ ፈሳሽ ግፊት አያስተላልፍምና። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። ስለ ኩላንት ደግሞ አንድ ነገር ከሁሉ ይቅደም፦ የራዲያተር ክዳን ሞተሩ እንደጋለ አይከፈትም። ክዳኑ የያዘው ግፊት የፈሳሹን መፍያ ከፍ አድርጎታል፤ ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ፈሳሹ በአንድ ጊዜ ይፈላና ፊትና እጅ ላይ ይረጫል።

ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው የታይሚንግ ቺንጋ እንደየመኪናው ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሲበጠስ አስቀድሞ አይናገርም። በብዙ ሞተሮች ላይ ፒስተኑና ቫልቩ በየተራ አንድ ቦታ ስለሚጋሩ ቺንጋው በተበጠሰ ቅጽበት ይጋጫሉ፣ ቫልቮች ይታጠፋሉ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለጥገና ይወርዳል። በሰንሰለት የሚሠሩ ሞተሮች ይህ ቀን አይቆረጥላቸውም፤ ሰንሰለቱ ግን በቆሸሸ ዘይት ይረዝማል። የአየር ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራና የጎማ ጥርስ በዓይን የሚታዩ ስለሆኑ በየሰርቪሱ ማየት ይበቃል።

ወደ ብልሽት ፍለጋ ስንመጣ የመጀመሪያው መሣሪያ ጆሮ ነው። አንድ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከምን ጋር ይጨምራል የሚለው ነው፤ ከሞተሩ ዙር ጋር ወይስ ከጎማው ፍጥነት ጋር? መኪናው ቆሞ በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ ከመጣ ምንጩ ሞተሩ ወይም በቺንጋ የሚዞሩት ዕቃዎች ናቸው። መኪናው ሲንከባለል ብቻ ከመጣ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬን ወይም የኃይል ማስተላለፊያው ነው። የጎማ ኩሽኔታ እንደ ሩቅ አውሮፕላን ያጉረመርማል፤ መሪው ወደ ግራ ሲዞር ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ፣ ያን ጊዜ ጉርምርምታው ከጠነከረ የቀኙን ጎማ ጠርጥሩ። መሪው እስከ መጨረሻ ዞሮ መኪናው ሲሄድ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከፊት ጎማ አካባቢ ከተሰማ የአክሱ መገጣጠሚያ አልቋል፤ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ላስቲኩ ተቀዶ ግሪሱ ወጥቷል። ፍሬን ሲያዝ የሚሰማ ቀጭን ሲጥሲጥታ ሸራው ማለቁን እንዲናገር ሆን ተብሎ ከተሠራ ትንሽ ብረት ሊመጣ ይችላል።

ከጆሮ ቀጥሎ ዓይንና አፍንጫ አሉ። ከማርሚታ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ የሚነድ ዘይት ነው፤ ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቶ አየር ማነሱን ያሳያል። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመና ጣፋጭ ሽታ ካለው ኩላንት ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው ነጭ ተን ግን ውኃ ብቻ ነው።

ሞተሪኖው ሞተሩን እያዞረው መኪናው አልነሳ ካለ፣ የቤንዚን ሞተር የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፦ አየር፣ ነዳጅ፣ በትክክለኛው ሰዓት የሚመጣ ብልጭታና ጥሩ ጭመቃ። ጭመቃን መለካት ቀላል ሆኖ ብዙ የሚናገር ሥራ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች 12፣ 12፣ 5፣ 12 ባር ቢያሳዩ ሦስተኛው ሕመምተኛ ነው። በካንዴላው (ብልጭታ በሚሰጠው ዕቃ) ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና ይለካል። ቁጥሩ በግልጽ ከወጣ ዘይቱ የዘጋው ቀለበቶቹ የሚያሳልፉትን ክፍተት ነው፤ ካልወጣ ጭመቃው በቫልቭ ወይም በቴስታታው ጋስኬት (ማሸጊያ) በኩል ይወጣል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት የተቃጠለ መሆኑ አይቀርም። ሞተሩ ሳይፈታ የሚገኝ መልስ ነው።

ኤሌክትሪኩ ብዙ ሰው የሚፈራው ክፍል ነው። ሽቦው ስለማይጮህና ስለማይጤስ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ከሜካኒካሉ ይልቅ በቁጥር የሚናገረው እሱ ነው። የእርሳስ ባትሪን ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ሠራው፤ ሞተርን በእጅ ማዞሪያ ከማስነሳት ያሳረፈው የቻርልስ ኬተሪንግ ሞተሪኖ በ1912 እ.ኤ.አ. በካዲላክ መኪና ላይ ወጣ። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው። ባለ 12 ቮልት የሚባለው ባትሪ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ገደማ የሚሰጡ 6 ክፍሎች አሉት፤ ስለዚህ ሙሉ ሆኖ ያረፈ ባትሪ 12.6 ያሳያል። 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ 12.0 ሊያልቅ የተቃረበ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ይህን ወደ 14 ቮልት አካባቢ ማንሳት አለበት። ካላነሳው ባትሪው የሚኖረው በቀደመ ስንቁ ነው፤ አዲስ ባትሪ ቢገባም ዕጣው ያው ይሆናል። (በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ቻርጁን ሆን ብሎ ያወርዳል።)

አንድ ሁኔታ ቀረብ ብለን እንይ። ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው እያቃሰተ ቀስ ብሎ ይዞራል። ፍርዱ ይቸኩላል፦ «ባትሪው ሞቷል።» ባትሪ ይቀየራል፤ ማቃሰቱ ግን እዚያው ነው። አሁን መልቲሜትሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ይውጣ። ሁሉ ነገር ጠፍቶ 12.6 ቮልት። ረዳት ቁልፉን ሲያዞር በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ 11.8፤ ባትሪው ጤነኛ ነው። በዚያው ቅጽበት በሞተሪኖው ወፍራም ተርሚናልና በራሱ በሞተሪኖው አካል መካከል ሲለካ 8.0 ብቻ። 3.8 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የት? ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ተርሚናል 0.3 ቮልት፤ ይህ ደህና ነው። ከባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ እስከ ሞተሩ ብረት 3.5 ቮልት። ሂሳቡ ሞላ። ከባትሪው ኔጋቲቭ የሚመጣው የሻሲ ገመድ ሞተሩ ላይ የታሰረበት ቦሎን ተፈቶ ሲታይ ከሥሩ አረንጓዴና ነጭ ዝገት አለ። በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ይፋቃል፣ ቦሎኑ ይጠብቃል፣ እንደገና ይለካል፦ 0.1። ሞተሩ በአንዴ ይነሳል።

ያንኑ ገመድ በኦም መለኪያ ብንፈትሸው ኖሮ ደህና ነው ይለን ነበር። ጅረቱ 100 አምፔር ሲሆን 3.5 ቮልት የሚበላ መገጣጠሚያ ተቃውሞው 0.035 ኦም ነው፤ ተራ መልቲሜትር ይህን ከዜሮ አይለየውም። ከደርዘን ክሮች አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦም በኦም መለኪያ ፊት ጤነኛ ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ የመኪና ሽቦ የሚለካው ጭነት ተሸክሞ፣ ማለትም መብራቱ በርቶ፣ ሞተሪኖው እየዞረ ነው። ከዚህ ሥራ አንድ ልማድ ብቻ ውሰዱ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ሌሊቱን ባትሪ የሚጨርስ መኪና ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሞተሩ የጠፋ መኪና በኔጋቲቭ ገመዱ በኩል እስከ 50 ሚሊ አምፔር ቢስብ የተለመደ ነው፤ ሰዓቱና ጸረ ስርቆቱ ይጠቀሙበታል። ግማሽ አምፔር የሚስብ ግን ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪን በአምስት ቀን ባዶ ያደርገዋል፤ ሞተር ማስነሳት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ እስኪተኙ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ቁልፉን እንዳጠፉ ወዲያው የሚለካ ቁጥር ያሳስታል። ፊውዝ እየነቀሉ መፈለግም የተኙትን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ በየፊውዙ ጀርባ ያሉትን ሁለት ነጥቦች በሚሊ ቮልት መለካት ይሻላል። ቮልት የሚታይበት ፊውዝ ጅረት እያለፈበት ነው። ፊውዝ ሲቃጠል ደግሞ ከፍ ባለ አይተካም። ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 አምፔር የሆኑት ለሽቦው ውፍረት ተመጥነው ነው፤ በቀዩ ቦታ አረንጓዴ የገባ ቀን የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል።

ኦቢዲ-2 የሚባለው አንድ ወጥ የመመርመሪያ ሥርዓት በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. የመኪና ሞዴሎች ጀምሮ ግዴታ ሆነ፤ በአውሮፓ ኅብረት አዳዲስ የቤንዚን መኪኖች በ2001፣ የናፍጣዎቹ በ2004 እ.ኤ.አ. ተከተሉ። ባለ 16 ፒን መሰኪያው ብዙ ጊዜ ከመሪው ሥር ይገኛል። እዚያ የሚሰካው ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) የሚያወጣው ኮድ ግን የምስክር ቃል እንጂ ፍርድ አይደለም። ፒ0171 ማለት «ኦክስጅን ሴንሰር ቀይር» ማለት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ለነዳጅ የበዛ አየር አይቻለሁ ነው የሚለው። በስካነሩ የነዳጅ ማስተካከያው መቶኛ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ፣ ይታይ። በሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) በጣም ከፍ ብሎ በ2,500 ዙር ወደ ዜሮ ከቀረበ ከኢንቴክ ጎን የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ይፈለግ፤ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሄድ ያቺ ስንጥቅ ትልቅ ድርሻ ናት፣ ዙሩ ሲጨምር ግን ከሚገባው አየር አንጻር ትንሽ ትሆናለች። በተቃራኒው ጭነት ሲበዛ መቶኛው ከወጣ የነዳጅ ፓምፑ ወይም ፊልትሮው ማቅረብ አቅቶታል። ኮዱ አንድ ሲሆን ጥፋቱ ሁለት ቦታ ነው።

ሃይብሪድና ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪኖችም የ12 ቮልት መስመራቸው እንደ ሌላው ይመረመራል። ብርቱካንማ ልባስ ያለው ገመድ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል። ሥልጠና ያልወሰደ ሰው አይንካው። የሠለጠነውም ቢሆን የማላቀቂያ መሰኪያውን ነቅሎ፣ በውስጡ የተጠራቀመው ኃይል እስኪወርድ አምራቹ ያዘዘውን ደቂቃ ጠብቆ፣ ዜሮ መሆኑን ለክቶ ነው የሚገባበት።

ጥገናው ሲያልቅ መኪናውን የነካው ሰው ራሱ ይንዳው። ኮድ ከተደመሰሰ ኮምፒውተሩ የራሱን ፈተናዎች ከዜሮ ይጀምራል፤ የሞተር ማስጠንቀቂያው መብራት ለጊዜው መጥፋቱ ጥፋቱ መወገዱን አያሳይም። ፈተናዎቹ እስኪጠናቀቁ ቀዝቃዛ ማስነሳት፣ ቀጥ ያለ ጉዞና ቆም ቀጠል የሚል መንገድ ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ በኋላ ስካነሩ እንደገና ይሰካል፤ ፈተናዎቹ «ዝግጁ» ብለው ኮዱ ካልተመለሰ መኪናው ለባለቤቱ ይሰጣል።