«በስባሽ ፕላስቲክ» ምንድን ነው?

«በስባሽ» የሚል ጽሑፍ የታተመበትን ከረጢት ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ እንደ በጎ ተግባር መቆጠር ጀምሯል። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ከበቆሎ የተሠራ ስለሆነ የትም ቢወድቅ አፈር ይሆናል» ብሎ ጻፈ፤ ብዙዎችም ተስማሙለት። በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስሕተቶች አሉ፤ ሁለቱም ጉዳት ያደርሳሉ።

የመጀመሪያውን በአጭሩ ልለፈው። አንድ ፕላስቲክ ከምን እንደተሠራና መጨረሻው ምን እንደሚሆን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ ፖሊኢትሊን፣ ማለትም የተራው ከረጢት ፕላስቲክ፣ አለ፤ ሞለኪውሉ ከነዳጅ ዘይት ከሚሠራው ምንም ልዩነት ስለሌለው አይበሰብስም። በአንጻሩ ፒቢኤቲ የሚባለው ፕላስቲክ በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት ቢሠራም ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል። ወሳኙ የሞለኪውሉ አሠራር ነው።

ሁለተኛው ስሕተት «የትም» የምትለው ቃል ናት። እኔን ዘወትር የምታበሳጨኝም እሷ ናት። መበስበስ እንደ ዘር መብቀል ነው። ዘር የመብቀል ችሎታ አለው፤ ነገር ግን ድንጋይ ላይ የወደቀ ዘር አይበቅልም፤ ቆላ የሚስማማውም ደጋ ላይ ቢዘሩት አይሆንለትም። ፒኤልኤ የተባለው፣ ከበቆሎ ስታርች ወይም ከሸንኮራ አገዳ የሚገኘውና ለመጠጫና ለምግብ መያዣ የተስፋፋው ፕላስቲክ፣ ቆላውን የሚሻ ዘር ነው። ሞለኪውሉ በመጀመሪያ በእርጥበትና በሙቀት መሰባበር አለበት፤ ተሕዋስያኑ የሚደርሱት ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ ሙቀት ለሳምንታት ሊቆይለት ይገባል። ይህ በብስባሽ (ኮምፖስት) ማዘጋጃ ፋብሪካ ውስጥ ይገኛል፤ በመንገድ ዳር አፈርም ሆነ በባሕር ውስጥ ግን አይገኝም።

ኢኤን 13432 የተባለው የአውሮፓ የማሸጊያ መስፈርት የተጻፈውም ለእንዲህ ዓይነቱ ፋብሪካ ነው። በ12 ሳምንት ውስጥ ዕቃው ተሰባብሮ ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ቅሪት ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በ6 ወር ውስጥ ደግሞ 90 በመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ አለበት። ማረጋገጫው የሚሰጠው ለተፈተነው ውፍረት መሆኑንም ልብ ይሏል፤ ስስ ሆኖ ያለፈ ቁስ ወፍራም ኩባያ ሲሆን ላያልፍ ይችላል።

በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተለያዩ ከረጢቶችን በአፈር፣ በባሕርና በአየር ላይ አቆይተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትመዋል። «በስባሽ» የተባለው ከረጢት ከሦስት ዓመት በኋላም በአፈርና በባሕር ውስጥ አልጠፋም፤ ዕቃ መሸከም ይችል ነበር። «ለብስባሽ የሚሆን» የተባለው ሌላው ከረጢት በባሕር ውስጥ በሦስት ወር ጠፋ፤ በአፈር ውስጥ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ በኋላም ነበር፤ ዕቃ ለመሸከም ብቻ ደክሟል። አንዱ ዘር በአንዱ መሬት በቀለ፣ በሌላው አልበቀለም ማለት ነው።

«ታዲያ ቆሻሻ መጣያ ገንዳ ውስጥ ልጣለው፣ እዚያ ይበሰብሳል» የሚልም አለ። የገንዳው ቆሻሻ በዘመናዊ አሠራር የሚደፈንበት ጉድጓድ እንደ ጎተራ ነው፤ ውኃና አየር እንዳይገባበት ታስቦ ይሠራል፤ ጎተራ ደግሞ ዘር እንዳይበቅል ይጠብቃል። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው አርኪዮሎጂስት ዊልያም ራትጂ የተደፈኑ ቆሻሻዎችን ሲቆፍር ከአሥርተ ዓመታት በኋላም የሚነበቡ ጋዜጦች አግኝቷል። እዚያ የሚበሰብሰው ነገር ቢኖርም ያለ ኦክስጅን ስለሆነ ሚቴን ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ፒኤልኤ ራሱ እዚያ ለመበስበስ እጅግ ስለሚዘገይ የሚቴኑ ዋና ምንጭ የምግብ ትራፊና ወረቀት ናቸው።

ከሁሉም የከፋው ግን ተራ ፕላስቲክ ላይ የሚያሰባብር ኬሚካል ጨምረው «ኦክሶ በስባሽ» የሚሉት ነው። ፀሐይና አየር ሲነካው ይደቅቃል፤ ዓይን ስላላየው ጠፋ ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ለገበያ እንዳይቀርብ ከልክሏል፤ ተገቢ እርምጃ ነው።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ዕቃው ላይ የታተመውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። «ለፋብሪካ ብስባሽ» ከተባለና በአካባቢዎ የሚሰበስብ ከሌለ እንደ ማንኛውም ቆሻሻ ይቁጠሩት። «ለቤት ብስባሽ» የሚል ማረጋገጫ ያለው በዝቅተኛ ሙቀት የተፈተነ ነው፤ ከአትክልት ልጣጭ ጋር ሊገባ ይችላል፤ እርጥበቱን መጠበቅና ማገላበጥ ግን የእርስዎ ሥራ ነው። ዕቃ ለመሸከም ያለዎትን ከረጢት እስኪቀደድ መጠቀም ከማንኛውም አዲስ በስባሽ ከረጢት ይሻላል። የፒኤልኤ ጠርሙስና ኩባያ መልሶ ለመጠቀም ከሚሰበሰቡት የውኃ ጠርሙሶች ጋር ደግሞ አይቀላቅሉ። በዓይን አይለዩም፤ ትንሽ ብትገባ እንኳ የሚቀልጠውን ፕላስቲክ ጥራት ታበላሻለች።