«መርፌው ሽባ ያደርጋል» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

ሥራዬ ማደንዘዣ መስጠት ነው። ከቀዶ ጥገና ክፍል ውጪ ደግሞ ህመም ለወራትና ለዓመታት አልለቅ ያላቸውን ሰዎች አያለሁ። ወገቡን ያመመው አለ፣ ጉልበቱን ያመመው አለ፣ አልማዝ ባለጭራ ድኖለት ቃጠሎው ግን ያልተወው አለ። ለአንዳንዶቹ ነርቭ ብሎክ የሚባለውን መርፌ እንሰጣለን። ህመሙን ተቀብሎ ወደ አንጎል በሚወስደው ነርቭ አጠገብ ማደንዘዣ እንወጋለን፤ እንደ ህመሙ ዓይነት ስቴሮይድ፣ ማለትም የተቆጣን ነርቭ የሚያበርድ መድኃኒት፣ እንጨምርበታለን። ነገሩ ይኸው ነው። ሰፈር ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ትንንሾቹን ወሬዎች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

«ሱስ ያስይዛል።» አያስይዝም። የምንወጋቸው ማደንዘዣዎች፣ ሊዶኬይንና ቡፒቫኬይን፣ ከሞርፊን ጋር ዝምድና የላቸውም። ሱስ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ቦርሳችሁ ውስጥ ያለውን ትራማዶል የተባለ ማስታገሻ ተመልከቱ።

«ለካንሰር ህመምተኛ ብቻ ነው።» ለቆሽት ካንሰር ህመም እንሰጠዋለን፣ አዎ። ለዲስክ፣ ለጉልበት፣ ለአንዳንድ ራስ ምታትም እንሰጠዋለን።

«ሳልነቃ ብቀርስ?» መቼ ተኝታችሁ! አብዛኛውን ጊዜ ነቅታችሁ እንድታወሩን ነው የምንፈልገው።

«ያወፍራል።» የሚያወፍረው በየቀኑ ለወራት የሚዋጥ ስቴሮይድ ነው። ስኳር ያለባችሁ ግን ስሙኝ፤ ስቴሮይድ ያለበት መርፌ ከተወጋችሁ በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንት ያህል ስኳራችሁ ከፍ ሊል ይችላል። አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ቤት ስትገቡም ተለኩ።

«ሽባ ያደርጋል።» እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እናውራ።

ይሄን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። ህመምተኛው ሁሉንም አስረድቼው፣ ጠይቆኝ፣ እሺ ብሎ ቀጠሮ ይይዛል። ማታ ቤተሰብ ይሰበሰባል። አንዱ «የጎረቤታችን ልጅ እንዲህ ሆኖ ቀረ» ይላል። ከሜሪላንድ አክስት ትደውላለች፣ «ወገብህን እንዳታስነካ!» ትላለች። እሷ ያለችበት አገር ይህ መርፌ በየቀኑ እንደሚሰጥ ማንም አይነግራትም። ጠዋት ሰውዬው የለም። ስንደውልለት «ቤተሰብ ተመካክሮ ነው» ይላል። ከቤተሰቡ አንድም ሰው የወገብ ፎቶ አይቶ አያውቅም።

እሺ፣ ውስጡን እንየው። ሰው የሚፈራው ህብለ ሰረሰሩ እንዳይወጋበት ነው። አዋቂ ሰው ላይ ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ለወገብና ለእግር ህመም አብዛኛውን ጊዜ የምንወጋው ከዚያ በታች ነው፤ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል፣ ወይም ከአምስተኛው ሥር። እዚያ ያሉት የነርቭ ክሮች ናቸው፣ እነሱም ፈሳሽ በያዘ ከረጢት ውስጥ ናቸው። ኤፒዱራል የምንለው መርፌ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ እንኳን አይገባም፤ ከውጪው ይቆማል።

በጨለማም አንወጋም። ህመምተኛው በሆዱ ይተኛል፣ ከሆዱ ሥር ትራስ ይገባል። አዮዲኑ ይቀዘቅዛል። ቆዳውን የምናደነዝዝባት ቀጭን መርፌ ታቃጥላለች፤ ብዙ ሰው በኋላ የሚያማርረው እሷን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የመጫን ስሜት ነው። መርፌው የት እንደደረሰ በራጅ ስክሪን እናያለን፤ ለሌሎች ነርቮች በአልትራሳውንድ። ቦታው ላይ ስንደርስ በራጅ የሚታይ ትንሽ ፈሳሽ እንሰጣለን፤ ነርቩን ተከትሎ እንደ ክር ሲወርድ ስክሪኑ ላይ ይታያል። «ጋሼ፣ የት ተሰማዎት?» «ባቴ ላይ! ያው የለመድኩት ቦታ!» ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል። የምንፈልገው ነርቭ ጋ ደርሰናል ማለት ነው። የተኛ ሰው ይህን አይነግረኝም፤ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲሰማውም «ቁም!» አይለኝም።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ሰው ዝም ብሎ አልፈጠረውም። የድሮ ሰው ያየውን ነው የሚናገረው። ልጅ ያተኩሰዋል፣ ጤና ጣቢያ ወስደው መርፌ ያስወጉታል፣ በማግስቱ እግሩ ሰለለ። ትኩሳቱ ፖሊዮ ነበር። የፖሊዮ ቫይረስ በገባበት ልጅ ላይ የጡንቻ መርፌ ሽባነቱን ሊያባብስ እንደሚችል ሳይንስም ያውቀዋል። ዋናው ጥፋተኛ ግን ቫይረሱ ነው። ሁለተኛው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ወገብ ያማል፣ ሰው ማስታገሻ እየተወጋ ይከርማል፣ ቲቢው አጥንቱን ሲበላ ቆይቶ አንድ ቀን እግር አልታዘዝ ይላል። ስም የሚወጣለት ያው የፈረደበት መርፌ ነው።

ሦስተኛው የሚያናድደኝ ነው። መቀመጫ ላይ በተሳሳተ ቦታ የተሰጠ መርፌ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። እግር ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ አልነሳ ብሎ ሲጎተት አይቻለሁ። ለዚህ ነው መቀመጫ ላይ ከተወጋም ከላይ በውጪው በኩል ይሁን የሚባለው። እና ይሄን መርፌ ማን ይፈራዋል? ማንም።

አንድ ጋሼ ነበሩ፣ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ። ዲስካቸው ተንሸራቶ ግራ እግራቸውን ያቃጥላቸዋል። ሲብስባቸው ሰፈር ሄደው ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ መቀመጫቸው ላይ ይወጋሉ። «ይሄን ስንት ጊዜ ተወጉ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ማን ይቆጥራል!» አሉኝ። «የእኛን አንዱን ለምን ፈሩት ታዲያ?» «ሽባ ልሁን እንዴ!» የደም ምርመራቸው ሲመጣ ኩላሊታቸው ደክሟል። ዳይክሎፌናክ እንደዚያ ሲደጋገም ኩላሊትና ጨጓራ ይጎዳል፣ ደም ግፊትም ያስነሳል። ማስጠንቀቂያው ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ማን ያነበዋል። ጋሼ በመጨረሻ ተወጉ። እግራቸው ቀለል አላቸው፣ ወገባቸው ያን ያህል አልተለወጠም። የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ይህ መርፌ ወደ እግር ለሚወርድ ህመም ከተራ የወገብ ህመም ይልቅ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመርፌው በኋላ እግር ለሰዓታት ሊደነዝዝ ወይም ሊከብድ ይችላል። ማደንዘዣ ነዋ! መድኃኒቱ ሲለቅ ይለቃል። ይህን ቀድሞ ያልነገራችሁ ባለሙያ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ እግሩን ማንቀሳቀስ ሲያቅተው ምን እንዲያስብ ነው?

ፍርሃቱ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ ቼስተርፊልድ ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን የጀርባ ማደንዘዣ ተወግተው ሁለቱም እግራቸው ሽባ ሆነ። ጉዳዩ በ1953 ፍርድ ቤት ቀረበ። ምክንያቱ የመርፌው ቦታ ሳይሆን መድኃኒቱ መበከሉ እንደሆነ ነው የታመነው። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት የጀርባ ማደንዘዣ ሸሹ። በ2012 አሜሪካ ውስጥ አንድ አምራች ያሰራጨው በፈንገስ የተበከለ የስቴሮይድ መርፌ ከ750 በላይ ሰዎችን አሳመመ፣ ከ60 በላይ ገደለ። በ2014 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በኤፒዱራል የሚሰጥ ስቴሮይድ አልፎ አልፎ ከባድ የነርቭ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። አንገት ላይ የሚሰጠው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ይህን የምጽፈው «ምንም አይሆንም» የሚል ባለሙያም ስለሚያናድደኝ ነው። ይሆናል፣ ግን ከስንት አንዴ። ስለዚህ «ሽባ እሆናለሁ ወይ?» ብላችሁ ከማቆም እነዚህን ጠይቁ፦ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ እያያችሁ ነው የምትወጉት? መድኃኒቱ አሁን የተከፈተ ነው? ድንገት ብወድቅ እዚህ ክፍል ውስጥ ኦክስጅን አለ? መልሱ ሲንተባተብ ካያችሁ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ።

የዚህ ወሬ ታናሽ እህት ደግሞ አለች። «በኦፕራሲዮን ስወልድ ጀርባዬን ከተወጋሁ ወዲህ ወገቤ ይኸው አልተመለሰም።» የተወጋበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ሊያም ይችላል፣ እውነት ነው። ከዓመት በኋላ ያለው ህመም ግን የመርፌው አይደለም። ሳይወጉ በምጥ የወለዱ እናቶችንም ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ጥናቶች ሁለቱን ሲያነጻጽሩ ልዩነት አላገኙም። ዘጠኝ ወር የተሸከመ ወገብ ነው። ከዚያ ልጅ ማዘል አለ፣ ጎንበስ ብሎ ማጥባት አለ፣ ጎንበስ ብሎ ማጠብ አለ። ይሄን ሁሉ ትቶ አንዲት ቀጭን መርፌን መክሰስ ይቀላል።

«ተወጋሁ፣ በማግስቱ ተመለሰብኝ፤ ገንዘቤን በሉኝ።» ምናልባት የተወጋችሁት ለምርመራ ነው። የወገብ ህመም ከየትኛው መገጣጠሚያ እንደሚመጣ ኤምአርአይ ብቻውን ሁልጊዜ አይነግረንም። ስለዚህ ወደ መገጣጠሚያው የሚሄደውን ትንሽ ነርቭ በማደንዘዣ ብቻ እንሞክረዋለን። ለጥቂት ሰዓታት ህመሙ ጠፍቶ ከተመለሰ ሙከራው ተሳክቷል፤ ጥፋተኛው ተገኝቷል። በሌላ ቀን ይደገምና መሣሪያው ባለበት ቦታ ነርቩ ራዲዮፍሪኩዌንሲ በሚባል፣ በሬዲዮ ሞገድ በሚፈጠር ሙቀት ይደነዝዛል። በደንብ የተመረጠ ሰው ላይ ከስድስት ወር እስከ ዓመት እፎይታ ሊሰጥ ይችላል። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ እንግዲህ ቤት ገብታችሁ አትተኙ። ደረጃ ውጡ፣ ጎንበስ በሉ፣ ህመሙ ከአሥር ስንት እንደሆነ በየሰዓቱ ጻፉ። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ውሎ «አላመመኝም» የሚል ሰው ምንም አልነገረኝም። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ደግሞ ውጤቱ እስኪመጣ ጥቂት ቀናት ይፈጃል፤ ማደንዘዣው ለቆ ስቴሮይዱ ሳይጀምር መሃል ላይ ህመሙ ብቅ ሊል ይችላል።

«ህመሙን ይሸፍናል እንጂ አያድንም።» ግማሹ ልክ ነው። የተንሸራተተ ዲስክን መርፌ አይመልስም። ግን ብዙው ዲስክ ከጊዜ ጋር ራሱ ይሟሽሻል፤ ችግሩ እስከዚያ እንዴት ተኝቶ ይታደራል፣ እንዴት ሥራ ይገባል ነው። መርፌው ፋታ ይሰጣል። በዚያ ፋታ ፊዚዮቴራፒ ካልጀመራችሁ እኔም ከህመምተኛው ጋር እከራከራለሁ። «አሁን ተሽሎኛል፣ ስፖርቱ ምን ያደርግልኛል?» የሚለውን ሰው በሦስተኛው ወር መልሼ አየዋለሁ።

ለመወጋት ከወሰናችሁ እንግዲህ፦ ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ያለ ሐኪም ፈቃድ ግን ራሳችሁ አታቁሙት። ትኩሳት ካላችሁ ወይም የሚወጋው ቦታ ቆዳ ላይ ቁስል ካለ ቀጠሮው ይተላለፍ። እርጉዝ ልሆን እችላለሁ የምትል ሴት ከራጁ በፊት ትናገር። የዚያን ቀን መኪና አትንዱ፣ የሚወስዳችሁ ሰው ይዛችሁ ኑ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ የወገብ ህመሙ እየባሰ ከሄደ፣ የእግር መስነፍ መቀነስ ትቶ ከጨመረ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልያዝ ካለ፣ በጭናችሁ መሃል ከደነዘዛችሁ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ሌሊትም ቢሆን፣ ቤተሰብ እስኪመካከር ሳትጠብቁ።