የኦርጋኒክ ጓሮ አትክልት፦ ከዘሩ በፊት አፈሩ

የጓሮ አትክልት ልጀምር ብሎ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ዘር ነው። አፈሩ ትዝ የሚለው ቲማቲሙ ቢጫ ሆኖ አላድግ ሲለው ነው። የኦርጋኒክ አሠራር ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። አትክልቱን የሚመግበው አፈሩ ነው፤ የአትክልተኛው ሥራ አፈሩን መመገብ ነው።

ኦርጋኒክ ማለት ባጭሩ ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ሠራሽ ፀረ ተባይ ማልማት ነው። አሠራሩ እንደ እርሻ ሁሉ ጥንታዊ ነው። ራሱን የቻለ ስም ያገኘው ግን የፋብሪካ ማዳበሪያ ከተስፋፋ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው የእርሻ ተመራማሪ አልበርት ሃዋርድ ሕንድ ውስጥ በኢንዶር ሲሠራ የሰብል ተረፈ ምርትን ከከብት ፍግ ጋር እየደራረበ ኮምፖስት (በስብሶ የበሰለ የተፈጥሮ ማዳበሪያ) የሚሠራበትን መንገድ አጠና። ዘዴው ዛሬም በከተማዋ ስም ይጠራል። «ኦርጋኒክ እርሻ» የሚለውን መጠሪያ ያስተዋወቀው ደግሞ እንግሊዛዊው የእርሻ ጸሐፊ ሎርድ ኖርዝቦርን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940።

ጥሩ አፈር እንደምናስበው ድፍን ነገር አይደለም። ግማሽ ያህሉ ክፍት ቦታ ነው። ክፍተቱን ውሃና አየር ይጋሩታል። ከቀረው ውስጥ አብዛኛው ማዕድን ሲሆን፣ ከጠቅላላው አፈር 5 በመቶ ገደማ የበሰበሰና በመበስበስ ላይ ያለ ቁስ ነው። ይቺ ትንሽ ድርሻ ናት ለምነቱን የምትወስነው። አንድ እፍኝ አፈር ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ፈንገሶችና የምድር ትሎችም አሉ። የሞተውን ቅጠል ፈጭተው ሥር ሊመጠው ወደሚችል ምግብ የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ቻርልስ ዳርዊን እንኳ የምድር ትል አፈርን እንዴት እንደሚያገላብጥ ለአሥርተ ዓመታት ሲከታተል ኖሯል።

የጓሮን አፈር ለማወቅ ላቦራቶሪ የግድ አይደለም። ሥር ከሚደርስበት ጥልቀት ትንሽ አፈር ወስዶ አንድ ሦስተኛ ያህል የጠርሙስ ማሰሮ መሙላት፣ ውሃ ጨምሮ በደንብ መናጥና ማስቀመጥ ነው። አሸዋው በደቂቃዎች ውስጥ ይዘቅጣል። ደለሉ ሰዓታት ይወስዳል። ሸክላው አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። የንብርብሮቹ ውፍረት የአፈሩን ዓይነት ይናገራል። አሸዋማ አፈር ውሃና ምግብ አይዝም። ሸክላማው ይይዛል፣ ግን አየር ያሳጣል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሸክላ አፈርን ለማላላት ትንሽ አሸዋ መጨመር ብዙ ጊዜ ጭራሽ ያጠነክረዋል። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ ኮምፖስት።

አሲዳማነቱም መታየት አለበት። የሚለካው በፒኤች ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይበዛል። አብዛኛው አትክልት የሚወደው ፒኤች ከ6 እስከ 7 ነው። በጣም አሲዳማ ከሆነ ኖራ ይጨመርበታል። የእንጨት አመድም ያግዛል፣ ግን በትንሹ። ሳይለኩ መበተን አፈሩን ወደ ሌላው ጫፍ ይወስደዋል። መኖሪያው የቆየ ከሆነ ወይም ጓሮው ትልቅ መንገድ ዳር ካለ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል፣ ቅጠላ ቅጠል ከመትከል በፊት አፈሩን በላቦራቶሪ ማስመርመር ተገቢ ነው። በዚህ መቆጠብ አያስፈልግም።

ኮምፖስት የዚህ ሁሉ ልብ ነው። ሁለት ዓይነት ግብዓት ይፈልጋል። ደረቁ ቅጠል፣ ጭድና የተቀደደ ካርቶን ካርቦን ይሰጣሉ። የአትክልት ልጣጭ፣ እርጥብ ሣርና ፍግ ናይትሮጂን ይሰጣሉ። በግብዓቶቹ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ተስማሚ ምጣኔ 25 ወይም 30 ካርቦን ለ1 ናይትሮጂን ነው። ይህን ማንም ሚዛን ላይ አይሰፍረውም፤ በዓይን ግምት ደረቁን ከእርጥቡ ሁለት እጥፍ ያህል ማድረግ ይበቃል። ክምሩ በየጎኑ 1 ሜትር ያህል ከሆነ ሙቀቱን ይይዛል። መሐሉ 55 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሲደርስና ክምሩ እየተገላበጠ ለቀናት እንደዚያው ሲቆይ፣ አብዛኛው የአረም ዘርና የበሽታ ተዋህሲያን ይሞታል። እርጥበቱ ተጨምቆ እንደወጣ ስፖንጅ ይሁን። ከሸተተ አየር አጥሮታል ወይም እርጥቡ በዝቶበታል፤ ማገላበጥና ደረቅ ነገር መጨመር ነው። ሳይሞቅ ዝም ካለ ወይ ደርቋል ወይ ናይትሮጂን አንሶታል። ሥጋ፣ ዘይትና የውሻ ወይም የድመት ዓይነ ምድር አይገቡም። ሲበስል ጥቁር ቡናማ ይሆናል። ዝናብ የነካው የጫካ አፈር ሽታ ይሸታል። ያንን ሽታ አንዴ የለመደ ሰው ሌላ መለያ አይፈልግም።

ፍግ ጥሩ ነው፤ ጥሬውን ግን አይደለም። ሥርን ያቃጥላል፣ ለጤናም ያሰጋል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ፀረ አረም ኬሚካሎች በእንስሳት ሆድ ውስጥ አልፈው በፍጉ ውስጥ ሊቆዩና ቲማቲምና ባቄላን ሊያጣምሙ ይችላሉ። እንስሳቱ የበሉት ሣር ምን እንደተረጨበት መጠየቅ ይገባል።

መደቡ በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ላይ ይሁን። ስፋቱ ከ1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከሁለቱም ጎን እጅ መሐሉ ድረስ ይደርሳል፣ አፈሩም በእግር አይረገጥም። ለጀማሪ አንድ መደብ ይበቃል። አፈሩን በየወቅቱ በጥልቀት መገልበጥም የግድ አይደለም። ቁፋሮ የፈንገስ ክሮችን ይበጥሳል፣ የተቀበረ የአረም ዘርንም ይቀሰቅሳል። ካርቶን አንጥፎ በላዩ ላይ ኮምፖስት መደልደል ብዙ ጊዜ ይሻላል። ከተተከለ በኋላ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል መጎዝጎዝ እርጥበት ያቆያል፣ አረምም ያፍናል። ከግንዱ ግን ፈንጠር ይበል።

ባቄላና አተር ደግሞ ሥራቸው ላይ ትናንሽ እባጮች ያበቅላሉ። በውስጣቸው ያሉ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጂን ይወስዳሉ። ምርቱ ሲነሳ ሥሩን ሳይነቅሉ ከላይ ቆርጦ መተው የተወሰነውን ለአፈሩ ያስቀርለታል። አንድን የተክል ቤተሰብ በየዓመቱ እዚያው ቦታ አለመትከልም በሽታን ይቀንሳል። ጎመን በነበረበት ባቄላ ይግባ፣ ቲማቲም በነበረበት ሽንኩርት።

ለውጡ በአንድ ወቅት አይታይም። ሁለትና ሦስት ዓመት ይወስዳል። በእርጥብ ወቅት በጎንና በጥልቀት 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ትል መቁጠር ጥሩ መከታተያ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድም ላይገኝ ይችላል። ከ10 በላይ ሲሆኑ አፈሩ በአካፋ ብቻ መፈንቀል ይጀምራል፤ ዶማው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል።