ናቫሳና፦ የታንኳውን አቀማመጥ ወገብ ሳይጎዱ መሥራት

ናቫሳና የሚባለው የዮጋ አቀማመጥ ከሩቅ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ሰውየው መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ደረቱን ቀና አድርጎ ወደ ኋላ ጋደል ይላል፣ ሁለት እግሩን ያነሳል፣ እጁን ወደ ፊት ይዘረጋል። አለቀ። ጀማሪ ከሆነ ግን ብዙም ሳይቆይ ጭኑ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ስሙ ሳንስክሪት ነው። «ናቫ» ታንኳ፣ «አሳና» አቀማመጥ ማለት ነው። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ላየ ሰው ስሙ አይከብደውም። ዮጋ የህንድ ሀብት ቢሆንም፣ ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በ2016 (እ.ኤ.አ.) እዚሁ አዲስ አበባ በተካሄደ ስብሰባ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

ናቫሳና የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን እግሩን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ሆድ አይደለም። ከወገብ አከርካሪ ተነስቶ፣ ዳሌን አቋርጦ፣ ጭን አጥንት ላይ የሚያርፍ ከውስጥ የተደበቀ ጡንቻ አለ፤ ፕሶአስ ይባላል። ዋናው ጎታች እሱ ነው። የሆድ ጡንቻ ሥራ ወገብ በዚህ ጉተታ እንዳይናጋ አጽንቶ መያዝ ነው። ሆድ ሲደክም ፕሶአስ ወገብን መጎተቱን አይተውም። ያኔ ጀርባ ይጎብጣል፣ ክብደቱም ወደ አከርካሪው ጫፍ ይወርዳል። ወገብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። (ቦርጭ ያጠፋል ብሎ የሚጀምረውም ብዙ ነው። ጡንቻው ይጠነክራል እንጂ ከላዩ ያለው ስብ በዚህ ብቻ አይሄድም።)

ስለዚህ መታየት ያለበት ጀርባ ነው። ጉልበትን አጥፎ፣ ባትን ከወለሉ ጋር ትይዩ አድርጎ መቆየትም ናቫሳና ነው። ሰው ግን ፎቶ ላይ ያየውን ቀጥ ያለ እግር ይፈልጋል። ባልዲ ውሃ ደረት አስጠግቶ መያዝና እጅ ዘርግቶ መያዝ አንድ አይደለም፤ የተዘረጋ እግርም እንደዚያው ይከብዳል። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ከጭኑ ጀርባ ያለው ጡንቻ ብዙ ጊዜ ግትር ነው። እግሩን ሲዘረጋ ዳሌውን ወደ ኋላ ይጎትትበታል፣ ጀርባው ሳይወድ በግዱ ይጎብጣል።

መጀመሪያ ምንጣፍ ይነጠፍ። ቀጭን ከሆነ ጋቢ አጥፎ መደረብ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ባዶ ሴራሚክ ላይ ሞክሬ፣ ሁለት ቀን ወንበር ላይ በጎኔ ነው የተቀመጥኩት። ጉልበትዎን አጥፈው፣ እግርዎ መሬት ረግጦ ይቀመጡ። ጭንዎን ከኋላ በኩል በሁለት እጅ ይያዙ። ደረትዎን ቀና ያድርጉና አንዱን እግር፣ ቀጥሎ ሌላውን ያንሱ። ክብደቱ በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ መሆን አለበት። እጅ የሚለቀቀው ጀርባ ካልጎበጠ ብቻ ነው። አንገት እንዳይጨናነቅ አገጭና ደረት መካከል አንድ ብርቱካን እንዳለ ያስቡ።

ሦስት አራት ትንፋሽ ለጀማሪ ይበቃል። ትንፋሽ ማፈን ግን የለም፤ የደም ግፊት ስለሚጨምር። በዚያ ሰዓት ስልክ ቢደወልና «ሃሎ» ማለት ካቃተዎት፣ ከአቅምዎ በላይ እየሠሩ ነው።

መደገፊያ መጠቀም ነውር አይደለም። ብርድ ልብስና ማሰሪያን በዮጋ ካስለመዱት ሰዎች ዋነኛው በህንዷ ፑኔ ከተማ ያስተማሩት ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር ናቸው። እኛ ቤት ነጠላ ይሠራል፦ በውስጥ እግር ላይ አዙሮ ሁለቱን ጫፍ መያዝ። አሽታንጋ በሚባለው ጠንከር ያለ የዮጋ ዓይነት ደግሞ ናቫሳና አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአምስት ትንፋሽ ይደጋገማል። እሱ ይቆይ።

ነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ የወለደች (በተለይ በኦፕሬሽን)፣ ሆዱን ቀዶ ሕክምና የተደረገ፣ ቡአ ወይም የዲስክ መንሸራተት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ባይሞክረው ይሻላል። ከምሳ በኋላም ሁለት ሦስት ሰዓት መጠበቅ ነው፤ በጥጋብ ላይ ሆድን ማጣጠፍ ያስገሳል።

ጭን ቢንቀጠቀጥ ችግር የለውም። ወገብ ላይ ውጋት፣ ወይም ወደ እግር የሚወርድ መደንዘዝ ከተሰማ ግን ቶሎ ጭንን በእጅ ይዞ እግርን ማውረድ ነው፤ አንድ በአንድ።