ፖቴንሺዮሜትር፦ የሽቦ ላይ ቮልቴጅ ስናሰላ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ቀጥ ብሎ የተወጠረ የ1 ሜትር ሽቦ፣ ከሥሩ ማስመሪያ፣ በሽቦው ከረንት የሚያፈስ ባትሪ፣ በሽቦው ላይ እያነሱ የሚያሳርፉት ጫፍ፣ ትንሽ ከረንትን በመርፌ የሚያሳይ አንድ ጋልቫኖሜትር። የሴልን ቮልቴጅ የምንለካበት ፖቴንሺዮሜትር ይኸው ነው። ቀላል ስለሚመስል ብዙ ተማሪ ቀመሩን ሸምድዶ ያልፈዋል። ስሌቱ ላይ ግን ይጠመዳል።

«ባትሪው 2 ቮልት ከሆነ ሽቦው ላይም 2 ቮልት አለ።» ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ይሄ ነው። ባትሪው የራሱ የውስጥ ሬዚስታንስ አለው። ብዙ ጊዜም ከሽቦው ጋር በተከታታይ የሚገባ ማስተካከያ ሬዚስተር አለ። እነሱም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሽቦው 8 ኦም፣ ሌላው ተደምሮ 2 ኦም ነው እንበል። 2 ቮልት ለ10 ኦም ሲካፈል ከረንቱ 0.2 አምፒር ነው። 0.2 በ8 ሲባዛ ለሽቦው የቀረው 1.6 ቮልት ብቻ ነው። ለ100 ስናካፍለው ለእያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር 0.016 ቮልት ይደርሳታል።

አሁን የምንለካውን ሴል በጋልቫኖሜትሩ በኩል አስገብተን፣ ጫፉ 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲያርፍ መርፌው ዜሮ አለ። ይህ ሚዛን ነው፤ እስከዚያ ያለው የሽቦው ቮልቴጅ ከሴሉ ጋር እኩል ሆኗል። ሴሉ 1.2 ቮልት ነው ማለት ነው፤ ልክ እንደገና እንደሚሞሉት ሴሎች። 2 ቮልትን ይዞ ያሰላ ሰው ግን 1.5 ያገኛል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ 1.5 የተለመደው የባትሪ ድንጋይ ቁጥር ስለሆነ መልሱ ትክክል ይመስለዋል።

«መርፌው ዜሮ ሲሆን በሽቦው ውስጥ ከረንት የለም።» አለ እንጂ! 0.2 አምፒሩ እንደፈሰሰ ነው። የቆመው በጋልቫኖሜትሩ በኩል ያለው ብቻ ነው። ሽቦው ውስጥ ምንም ባይፈስ ኖሮ ከሴሉ ጋር የሚመጣጠን ቮልቴጅ ከየት ይመጣል?

«ቮልትሜትር እያለ ምን አደከመን?» ቮልትሜትር ሲለካ ከሴሉ ትንሽ ከረንት ይወስዳል። ያ ከረንት በሴሉ የውስጥ ሬዚስታንስ ሲያልፍ ንባቡ ዝቅ ይላል። ፖቴንሺዮሜትር ግን ሚዛን ላይ ሲደርስ ከሴሉ ምንም አይወስድም። ስለዚህ የሴሉ የውስጥ ሬዚስታንስ የሚዛኑን ቦታ አያዛባም። ጀርመናዊው ፖገንዶርፍ በ1841 እ.ኤ.አ. ያመጣው ይህ ሐሳብ ዛሬም ያስደንቀኛል።

«ሽቦው ሲረዝም ትልቅ ቮልቴጅ ይለካል።» አይለካም። ጣሪያው ሽቦው ላይ ያለው ቮልቴጅ ነው። ያንኑ 1.6 ቮልት 4 ሜትር ላይ ብንዘረጋው ለአንድ ሴንቲ ሜትር 0.004 ይደርሳል። የምናተርፈው ጥራት ነው፤ የ1 ሚሊ ሜትር የንባብ ስህተት ከ1.6 ወደ 0.4 ሚሊ ቮልት ይወርዳል።

«የሽቦው መሃል ሁሌም የቮልቴጁ ግማሽ ነው።» ውፍረቱ ወጥ ከሆነ ብቻ። ግማሹ በዲያሜትር በግማሽ ቢቀጥን፣ የዚያ ክፍል ሬዚስታንስ 4 እጥፍ ይሆናል። ከ1.6 ቮልቱ ወፍራሙ 0.32፣ ቀጭኑ 1.28 ይወስዳል። ጫፉን በሽቦው ላይ እየጎተታችሁ አትፈልጉ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ሽቦው ይፋቃል። አንሱት፣ ነካ አድርጉት።

በመጨረሻ፣ መርፌው ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲዞር «ጋልቫኖሜትሩ ተበላሽቷል» ማለት። ቀድማችሁ የሽቦውን ሁለት ጫፎች ንኩ። መርፌው ወደ ተለያየ ወገን ከዞረ ሚዛኑ በመሃል አለ። ወደ አንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ወይ የሴሉ ፖዘቲቭ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አንድ ጫፍ ላይ አልታሰረም፣ ወይ ሴሉ ሽቦው ላይ ካለው ቮልቴጅ ይበልጣል።